«ስንተኛ ወጣህ?» ለሚሉ ሁሉ

በአገራችን ልጅነቱን ያሳለፈ ሰው ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ጋር አብሮ አድጓል። የትምህርት ቤት ካርዱን ይዞ ሲመለስ እናቱ ትጠይቀዋለች፤ ከደጅ የተቀመጡት ጎረቤት ይጠይቁታል፤ ለበዓል የመጡት አጎት ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ይጠይቁታል። «ስንተኛ ወጣህ?» አንደኛ የወጣው ግንባሩን ይሳማል። ሠላሳ አራተኛ የወጣው ካርዱን ደብተሩ ውስጥ ሸሽጎ በጓሮ በኩል ይገባል። ምን እንደተማረ የጠየቀው የለም።

ጥያቄው ውቅያኖስ ተሻግሮ ተከትሎናል። እኔ በምኖርበት በኮሎራዶ የአበሻ ልጅ ከኳስ ሜዳም ሆነ ከዋና ሲመለስ፣ አባቱ በመኪናው መስታወት ወደ ኋላ እያየ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። አሁንማ ጠያቂው በየኪሳችን ገብቷል፤ ስትራቫ የሚባለው የስልክ መዝጋቢ ብቻህን የወጣኸውን ዳገት ሳይቀር ለክቶ፣ ከስንት ሺህ ሰው ስንተኛ እንደሆንህ ላብህ ሳይደርቅ ይነግርሃል።

ዛሬ የምጽፈው ይህ ጥያቄ መሳቂያ ስለሚሆንበት አንድ ቦታ ነው፤ ስለ ባለ አንድ ማርሽ የተራራ ብስክሌት ነጂዎች ስብስብ። ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ ልከራከርለት ነው። ሁለት ዓይነት ሰዎች ተነሥተውበታልና። አንደኛዎቹ ይንቁታል፤ ሁለተኛዎቹ ሊያሻሽሉት ይፈልጋሉ። ከሁለቱ አብልጬ የምፈራው አሻሻዮቹን ነው።

በመጀመሪያ ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዛሬ የተራራ ብስክሌት ዳገቱን ለማቅለል፣ ሜዳውን ለማፍጠን የሚቀያየሩ ብዙ ማርሾች አሉት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን እነዚህን ማርሾች ሆን ብለው ነቅለው በአንድ ማርሽ ብቻ የሚነዱ ሰዎች «የዓለም ሻምፒዮና» ብለው የሰየሙትን ውድድር እያዘጋጁ ይገናኛሉ። በ2004 በርሊን፣ በ2006 ስቶክሆልም፣ በ2007 የስኮትላንዷ አቪሞር፣ በ2010 የኒውዚላንዷ ሮቶሩዋ፣ በ2014 አላስካ ተካሂዷል። ስሙ ከባድ ነው፤ ነገሩ ግን ከስሙ ጋር የሚቀልድ ነው። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዕውቅና የለውም፤ ዕውቅናውንም የለመነ የለም። የገንዘብ ሽልማት የለውም። ጢማም ሰው የሠርግ ቀሚስ ለብሶ ይወዳደራል፤ በየጥጋጥጉ ቆመው ቢራ የሚያድሉ ተመልካቾች አሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት አዘጋጅ አገር የሚመረጠውም ከብስክሌት ጋር ምንም ዝምድና በሌለው የሞኝ ጨዋታ ነው። በወንዶችም በሴቶችም አንደኛ የወጡት ሁለቱ ሰዎች የሚሸለሙት ንቅሳት ነው። ዋንጫ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይጠጣል፤ ሜዳሊያ ይሸጣል፤ ንቅሳት ግን እንደ እናቶቻችን የአንገት ንቅሳት አብሮ ወደ መቃብር ይወርዳል። ንቅሳቱን የማይፈልግ ሰው ባያሸንፍ ይሻለዋል።

ከዚህ ትልቅ ስብስብ በታች ስም የሌላቸው ብዙ ትንንሽ ስብስቦች አሉ። እኔ የማውቀው እነዚህን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከተራራው ግርጌ ሃያም ሠላሳም ሰው ይሰበሰባል፤ መመዝገቢያ ጠረጴዛ የለም፤ የደረት ቁጥር ቢኖር እንኳ በወረቀት ሳህን ላይ በእጅ የተጻፈ ነው።

ይህ ሁሉ ልቅነት ከሰዎቹ ጠባይ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። መነሻው ብረቱ ነው። የእኔ ብስክሌት ከፊት 32 ጥርስ፣ ከኋላ 16 ጥርስ አላት፤ በዚህ ስፖርት የተለመደው ልክ ነው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ በ26 ኢንች ጎማ ከአራት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ማለት ነው። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለመሄድ እግር በደቂቃ መቶ ጊዜ ያህል መዞር አለበት፤ 30 ኪሎ ሜትር ለመድረስ መቶ ሃያ ጊዜ። ከዚያ በላይ ጉልበት ያለውም የሌለውም እኩል በኮርቻው ላይ እንደ እንቁራሪት ይዘላል እንጂ አይፈጥንም። ስለዚህ በሜዳ ላይ ማንም ማንንም ጥሎ መሄድ አይችልም። በጠነከረ ዳገት ላይ ደግሞ ፍጥነቱ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እግር በደቂቃ ሃያ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ርግጫ ድንጋይ የማንሳት ያህል ይከብዳል። ከጥቂት ብርቱዎች በቀር ሰው ሁሉ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ይሄዳል።

ጎን ለጎን ብስክሌት የሚገፉ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ያወራሉ። ጨዋታው የተወለደው ከዚህ ነው። ብርቱው በሜዳው ላይ ጉልበቱን የሚያሳይበት ማርሽ የለውም፤ ደካማው በዳገቱ ላይ ድካሙን የሚሸሽግበት ማርሽ የለውም። ሁለቱም ተገናኝተው ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ።

አንድ ቅዳሜ የአንዲት ሴት ካቴና ዳገት ላይ ተበጠሰ። ከሁሉ ፊት የነበረው ሰው ድምፁን ሰምቶ ተመለሰ፤ የካቴና መፍቻ የያዘው እሱ ነበርና ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ቀጠለላት። ያን ዕለት ቀዳሚ የነበረው ሰው ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባ። ማንም «ምነው ጀግና!» አላለውም፤ ማንም «ምነው ሞኝ!» አላለውም። ከመጨረሻዋ ሰው ጋር ሲገቡ ጭብጨባው ከመጀመሪያው ሰው ጭብጨባ ይበልጥ ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ በዚያን ሰዓት የሚያጨበጭበው ሰው በዝቶ ነበር።

ወደ ናቂዎቹ ልመለስ። ከእነሱ መካከል የገዛ ወገኖቼ ይበዛሉ። አንድ ወዳጄ ቡና ላይ እንዲህ አለኝ፦ «እኛ ቸግሮን የነዳነውን እነሱ ጠግበው ነዱት።» አነጋገሩ ያማረ ነው፤ እውነትም አለበት። ሐዋሳና ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ሰው ባለ አንድ ማርሽ ከባድ ብስክሌት ሲነዳ ኖሯል፤ የሚመርጠው ሌላ ስለነበረ አይደለም። በደቂቃ ሒሳብ የኪራይ ብስክሌት ይዞ፣ እግሩ ከኮርቻው ስለማይደርስ በአግዳሚው ብረት ሥር አሾልኮ እየነዳ የተማረ ልጅ፣ ዛሬ አንድ ሰው ከአሮጌ መኪና ዋጋ የሚበልጥ የታይታኒየም ብስክሌት ገዝቶ «ቀላል ኑሮ ናፈቀኝ» ሲለው ቢስቅ አልፈርድበትም። እኔም ስቄ አውቃለሁ።

ነገር ግን ወዳጄ ሆይ፣ ጾምና ረሃብ አንድ አይደሉም። ሆዱ ባዶ መሆኑ ሁለቱንም ያመሳስላቸዋል፤ አንዱ ግን የፈቀደው ነው፤ ሌላው የተጫነበት። የሚጾመውን ሰው «በተራበው ላይ ትቀልዳለህ» የሚለው የለም። ጾም የሚረክሰው ጿሚው በጾሙ ሲኩራራ፣ ወይም የተራበውን «ጾመኛ ነህ፤ ደስ ይበልህ» ሲለው ነው። እህል በኋላ ወንበር ጭኖ ዳገት የሚወጣውን ሰው በድህነቱ አላሞካሸውም፤ ሃያ ማርሽ ይስጡት እላለሁ፤ ሞተርም ይጨምሩለት። እኔ ግን ቅዳሜ ዕለት ማርሽ የምተወው ሸክም ስለሌለብኝ ነው። ለጨዋታ የተገባ ጾም ነው።

ደግሞም በር ላይ ታይታኒየም የሚጠይቅ ዘበኛ የለም። በጓዳ የተጣለ አሮጌ ብስክሌት ማርሽ መቀየሪያው ተነቅሎ፣ ካቴናው አጥሮ፣ ከኋላ አንድ ጥርስ ብቻ ቀርቶለት ይገባል። በዚህ አገር በስፖርት ስም ከሚጠየቀው ወጪ ሁሉ ይህን ያህል የቀለለ አላየሁም።

አሁን ወደ አሻሻዮቹ። እነዚህ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አስቸጋሪነታቸውም ከዚህ ይመነጫል። «ነገሩ እኮ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ሥርዓት ቢኖረው» ይላሉ። ሰዓት የሚመዘግብ ቺፕ ይታሰር፤ በዕድሜ ይከፈል፤ ነጥብ ይቆጠር፤ ስፖንሰር ይፈለግ፤ አሸናፊው ከንቅሳት ይልቅ ቼክ ይቀበል። ያን ጊዜ «ሰው ከቁም ነገር ይቆጥራችኋል» ይሉናል።

ከቁም ነገር መቆጠርን የሚፈልግ የተራራ ብስክሌት ውድድር እኮ ሞልቷል። ኮሎራዶ ውስጥ ያለችውን ዱራንጎን ተመልከቱ። በ1990 የመጀመሪያው ዕውቅና ያለው የዓለም የተራራ ብስክሌት ሻምፒዮና የተካሄደው በእሷ ነው። በ2009 ደግሞ እነዚህ ቀልደኞች ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌታቸውን ይዘው እዚያው መጡ። ሮቶሩዋም እንዲሁ ናት፤ በ2006 ባለ ዕውቅናውን፣ በ2010 ባለ ንቅሳቱን አስተናግዳለች። ተራራው ያው፣ አቧራው ያው። አንዱ የቀስተ ደመና መለያ ያለብሳል፤ ሌላው ቀለም ይወጋል። ከተሞቹ ለሁለቱም ቦታ አልጠበባቸውም፤ የጠበበው የአሻሻዮቹ ልብ ነው። ኦሎምፒክ ለሚያምረው ሰው ከ1996ቱ አትላንታ ጀምሮ የተራራ ብስክሌት በኦሎምፒክ አለ፤ ይሂድ፤ ቢቀናው እኔም አጨበጭባለሁ። ለምን እዚህ መጥቶ ሰዓት ያስርልናል?

«ማሻሻል» የምትለዋ ቃል እንዴት እንደምትሠራ ከብስክሌት ገበያው ተምሬአለሁ። ለብዙ ዓመታት ከፊት ሦስት ጥርስ ያለው ብስክሌት ሸጡልን፤ 24 ማርሽ፣ 27 ማርሽ፣ 30 ማርሽ እያሉ ቆጠሩልን። ከፊት አንድ ብቻ የያዘውን ሰው በየሱቁ እንደ ዕብድ አዩት። በ2012 ስራም የተባለው ኩባንያ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አሥራ አንድ ጥርስ ይዞ መጣና «ከፊት አንድ ይበቃል» አለን፤ በ2016 የኋላው አሥራ ሁለት ሆነ፤ በ2019 ሽቦ ቀርቶ በባትሪ የሚሠራ ማርሽ መጣ። ዛሬ አንድ ሰው ባትሪ መሙላት ረስቶ ከተራራ ይመለሳል። ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው፤ አልክድም። ትላንት የግድ ያስፈልግሃል የተባልኸው ዛሬ ኋላ ቀር መባሉን ግን ልብ በል። ጨዋታችንንም በዚህ ገበያ መካከል አስገቡት ማለት፣ በየሁለት ዓመቱ «ያረጀ» እንዲባል ፍቀዱ ማለት ነው።

ታሪክ ጠቅሰው የሚሟገቱኝም አሉ። «የተራራ ብስክሌት የተወለደው ከውድድር ነው» ይላሉ። እውነት ነው። በ1976 በካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ቻርሊ ኬሊና ጓደኞቹ ቁልቁለት መወዳደር ጀመሩ። ብስክሌቶቻቸው ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የተረፉ ከባድ ባለ አንድ ማርሽ አሮጌዎች ነበሩ። ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ነበርና፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ በውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር፤ እንደገና ግራሶ መሙላት የግድ ስለነበረ ቁልቁለቱን «ሪፓክ» አሉት፤ መልሶ መሙላት ማለት ነው። ሰዓትም ይዘው ነበር። ይሁን እንጂ ሰዓቱን የያዙት ራሳቸው ነበሩ፤ ሕጉንም ያወጡት ራሳቸው። የሚያኮራው የታሪኩ ክፍል ሰዓቱ አይመስለኝም፤ ፈቃድ አለመጠየቃቸው ነው።

በሌላ በኩል አንሪ ደግራንዥ አለ፤ ቱር ደ ፍራንስን በ1903 የመሠረተው ሰው። በእሱ ውድድር ማርሽ መቀየሪያ የተፈቀደው በ1937 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ተወዳዳሪዎቹ የተራሮቹን ዳገት ያለ እሱ እንዲወጡ ተገድደዋል። ይህንም የምጠቅሰው በራሴ ወገን ላይ ነው። በባለ አንድ ማርሾቹ መካከል ማርሽ ያለውን ሰው እንደ ኃጢአተኛ የሚያዩ ሰዎች አሉና። ማርሽ መጣል ጽድቅ አይደለም። ያው አንድ ማርሽ በደግራንዥ እጅ መቅጫ ነበር፤ በቅዳሜው ስብስብ መጫወቻ ነው። ብረቱ በሩን ይከፍታል፤ የሚገባው ግን ሰው ነው፤ ጉራውን ይዞ ከገባ ጨዋታው በዚያው ሞተ። ስለ ቢራውም የሚነሣ ወቀሳ አለ፤ አንዳንዱ ስብስብ ከብስክሌቱ ይልቅ ብርጭቆውን እንደሚያበዛ አውቃለሁ። እኔ ውኃ ነው የምቀበለው፤ ማንም ለምን ብሎኝ አያውቅም። ለምን የተባልሁ ዕለት ይህን ጽሑፍ እሰርዛለሁ።

እኛ አበሾች ይህን ጨዋታ ለመረዳት ከማንም በላይ የቀረብን መሆን ነበረብን። ገና ጨዋታን አስቡት። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ ሜዳው ወሰን የለውም፤ ሩሯ ከተጠለዘች እስከ ወንዙም ትሄዳለች። በዚያች ዕለት ሎሌው በጌታው ላይ ቢቀልድ፣ ባላገሩ ሹሙን በዱላ ቢጎሽመው ጌታው እንዳይቆጣ ልማድ ያስገድደው ነበር። አባቶቻችን ዓመቱን ሙሉ ማን ከማን እንደሚበልጥ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የማይታወቅበት አንድ ቀን እንደሚያስፈልግም ያውቁ ነበር።

እኛ ግን ያቺን ቀን ረሳናት። የሯጮች አገር ነን እንላለን፤ ነገር ግን ከዓለም ሕዝብ ሁሉ አራተኛ የወጣን ሰው ስሙን አናስታውስም። ገረመው ደንቦባ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በ1956 ሜልቦርን ላይ በብስክሌት ተወዳደረ፤ በ1960ም ሮም ላይ ደገመ። ስንተኛ እንደወጣ ሆን ብዬ አልጽፍም፤ አንባቢዬ ያንን ለማወቅ ከቸኮለ ይህ ጽሑፍ ለእሱ የተጻፈ መሆኑን ይወቅ። ሆኖም ተስፋ አልቆርጥም። በ2001 በተጀመረው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ ከፊት ያሉት ጥቂቶች ለሰዓት ሲሮጡ፣ ከኋላ ያለው ብዙው ሕዝብ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ውኃ እየተራጨ ይሄዳል። ያ ሕዝብ ሰዓቱን አያውቀውም። ገናም በውስጣችን አልሞተችም ማለት ነው።

ስለዚህ ለናቂዎቹ የምለው ይህ ነው፦ ሳቁ፤ መሳቅ የጨዋታው ሕግ ነውና ስትስቁ ገብታችሁበታል። ለአሻሻዮቹ ግን ልመናዬ ጠንከር ያለ ነው። ሥራችንን ለክታችኋል፤ የልጆቻችንን ትምህርት ለክታችኋል፤ እንቅልፋችንን ሳይቀር በእጅ ሰዓት ትለካላችሁ። የማይለካ አንድ ዳገት ተዉልን። በእሱ ላይ ብርቱው ይወርዳል፤ ደካማው ይወርዳል፤ ሁለቱም ብስክሌታቸውን እየገፉ ያወራሉ። የጀመሩት ወሬ ጫፍ ላይ ሳይደርሱ ካላለቀ፣ ዳገቱ አጥሮባቸው ነውና ሌላ ዳገት ይፈልጉ።